የእማዬ የምድር ባቡር ኪቦርድ

ለውድ ወንድሜ ለነህምያ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወደብ ላይ ሸክም ሲበዛ የሚይዝህ ወገብህስ እንዴት አድርጎሃል? ባለቤትህ ኢፍቲን ደህና ናት? ልጃችሁ ማህደርስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች፤ ያ ከፊት የወለቀው ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እማዬ ደህና ናት። ደህና ናት የምልህ እንደ ወትሮው ልብህን ላሳርፍ ብዬ አይደለም፤ የእውነት ደህና ስለሆነች ነው። ቀኝ እጇ እንደነበረው ነው፣ ንግግሯም አልተመለሰም፤ ግን ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትቆጣለች። ጎረቤታችን ኤዶ ፋርቱን በየቀኑ ስምህን ታነሣለች። ሙቀቱም ኅዳር ስለሆነ ረገብ ብሎልናል።

ይህን በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ ስንነጋገር አንተም ትጮሃለህ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ መጨረሻ ላይ አንዳችን ይዘጋውና ኔትወርክ ተቋረጠ እንላለን። ባለፈው የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ኔትወርኩ ደህና ነበር። በወረቀት ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ዐብዲሰላም ነው፣ ያ ጅቡቲ የሚመላለሰው የከባድ መኪና ሾፌር። አንብበህ ሳትጨርስ ከፊትህ እንዳይነሣ ነግሬዋለሁ፤ ስለዚህ ሻይ እዘዝለትና ቁጭ በል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፣ አንተ ግማሹን የሰማኸው ከጋሽ ምንዳዬ አፍ ነውና። በመስቀል ዘመድ እኛ ቤት ሲሰበሰብ አጎታችን ጋሽ ምንዳዬ ከጭሮ መጥተው እማዬን ወደ ቤታቸው እንደሚወስዷት ተናገሩ። ሐሳባቸው ክፉ ነው አልልህም። እኔ ቀኑን ሙሉ ታይዋን ገበያ፣ ሱቅ ውስጥ የሰው ስልክ ስጠግን እውላለሁ፤ ስትሮክ የመታት ሴት ብቻዋን መዋል የለባትም፤ የእሳቸው ቤት ደግሞ ሰው አይጠፋበትም። የእኛ ቤት ይከራይ፣ ሸዋገነትም ክፍል ነገር ትፈልግ፣ አሉ። እማዬ ይህ ሁሉ ሲባል ጓዳ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ «አልሄድም» ብላ ጽፋ ነበር። ዘመዱ ሳሎን ነው፣ ጽሑፉ ጓዳ ነው፣ ማንም ገብቶ አላነበበም። ደግፌ ሳወጣት ራሷን በኃይል ነቀነቀች። ሕመሙ ነው፣ ደክሟታል፣ አስተኚያት ተባለ።

የዘመዳችንን ወግ ታውቀዋለህ። በጉባኤ መካከል ቃሉን ያላሰማ እንደተስማማ ይቆጠራል፤ ሽማግሌው አንዴ ከመረቁ በኋላ ያንን ነገር መልሶ የሚያነሣ የለም። ያን ዕለት ያተረፈን መራቂው ሽማግሌ ታመው መቅረታቸው ብቻ ነው። ጉዳዩ በኅዳር ለአንድ እሑድ ተቀጠረ። በመካከሉ አንተ ለጋሽ ምንዳዬ ደውለህ «እርስዎ ያሉት ይሁን» አልካቸው። እኔን አልጠየቅህም፣ እሱ ይቅር። እሷን አልጠየቅህም። ተናድጄብህ ነበር፣ አሁንም ይህን መስመር ስጽፍ ብዕሩ ወረቀቱን ሊቀደው ነው።

ኪቦርዷን መቼም አትረሳውም። ምድር ባቡር ቢሮው ዕቃውን ሲያስወግድ ከጠረጴዛዋ ይዛው የመጣችው፣ ሆዱ ውስጥ የብረት ሰሌዳ ያለው፣ አንሥቶ ለመወርወር እንኳ ጉልበት የሚጠይቀው። ከያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ለብቻው ስዊች አለው፤ ሲጫኑት ቀጭ ይላል። ልጆች ሳለን ማንንም አታስነካም ነበር። ከታመመች ወዲህ አፏ እሱ ነው። ብዕር እንዳትይዝ ቀኝ እጇ አይታዘዛትም። ስልክ ላይ እንዳትጽፍ የግራ ጣቷ ስለሚንቀጠቀጥ መስታወቱ ላይ ያልፈለገችውን ሁሉ ይነካል። አንተ የላክህላት ቀጭኑ ኪቦርድም ያው ሆነ፤ ጣት ገና ሲያርፍበት ይጽፋል፣ እሷ ደግሞ እጇን ካላሳረፈች ቦታዋን አታገኝም። አሮጌው ግን አምርረው ካልተጫኑት አይጽፍም። ለሚንቀጠቀጥ እጅ የሚሆነው እሱ ነው።

ችግሩ እሱም አርጅቷል። አንዱ ቁልፍ አንዴ ሲጫኑት ደጋግሞ ይጽፋል፣ ሌላው ቢደበድቡትም አይመልስም። ሽቦው ደግሞ አጭር ነው፤ ከጓዳው ኮምፒውተር አያልፍም። ስለዚህ እንዲህ አሰብኩ። ስዊቾቹን በሙሉ አውጥቼ በአዲስ ልተካቸው። ውስጡ ብሉቱዝ ያለው ትንሽ ቦርድና ባትሪ ልክተትበት። እማዬ በጉባኤው ቀን ሳሎን መካከል ኪቦርዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጥ፣ የምትጽፈው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ይውጣ። ያኔ ማን ሕመሙ ነው እንደሚል እናያለን አልኩ። ስዊቹንና ቦርዱን ሂቦ ከዱባይ አመጣችልኝ፤ ሂቦ የሱቃችን ባለቤት የዐያንሌ እህት ናት፣ ለዕቃ ትመላለሳለች። ያመጣችው ግን ጉባኤው ሳምንት ሲቀረው ነው። እኔም በዚያ ጊዜ ውስጥ አይደርስም ብዬ ልተወው ይገባኝ ነበር። ግትር መሆኔን ታውቃለህ።

ከመፍታቴ በፊት ጠየቅኳት። ዕቃውን አሳየኋት፣ ምን እንደማደርግ ነገርኳት። ዕቃውን አየች፣ እኔን አየችና «እንዳታበላሺው» ብላ ጻፈች። ሽቦውን ነቅዬ ኪቦርዱን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ከሰፈራችን ከከዚራ ታይዋን እስክደርስ ሁለት እጄን ከላዩ አላነሣሁም። ፈራሁ ነህምያ። እስከ ደጃፉ ድረስ ብልሃተኛ ነበርኩ፤ ባጃጁ ሲንቀሳቀስ ግን የእናቴን አፍ ይዤ መውጣቴ ገባኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ስዊች ሁለት እግር አለው፣ እግሮቹ ከታች ካለው ቦርድ ጋር ተበይደዋል። ብየዳውን በጋለ ብረት ታቀልጠዋለህ፣ ቶሎ በመምጠጫ ትመጥጠዋለህ፣ ከዚያ ስዊቹን በቀስታ ትስበዋለህ። ብረቱን ካቆየኸው ቦርዱ ይቃጠላል፤ ከቸኮልክ አይለቅም። የሰው ስልክ ስሠራ አልፈራም። ስልክ ቢበላሽ ሌላ ስልክ አለ፣ ደንበኛው ይሳደባል፣ ይወጣለታል። ይህን ኪቦርድ ግን እንኳን ድሬ፣ ጅቡቲም ብትፈልግ አታገኘውም።

እና ረቡዕ ዕለት ቸኮልኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዐያንሌ የጫት በርጫው ላይ ነው፣ አንድ ደንበኛ ከፊቴ ቆሞ ስልኬ አልደረሰም ወይ እያለ ይነዘንዘኛል። ዞር ብዬ ስመልስለት ብረቱ ከሚገባው በላይ ቆየ። ስዊቹን ስስበው ከቦርዱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ መስመር ተላጦ አብሮት ወጣ። በቴስተር ስነካው አንድ ሙሉ ረድፍ ሞቷል። ደንበኛውን ሂድ አልኩት። ሰውዬው ፊቴን አይቶ ወጣ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እንዳታበላሺው» ያለችው የመጨረሻ ቃሏ ሊሆን ነው።

ዐያንሌ መጥቶ ቦርዱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። ያንን ሰው ሰነፍ ነው እያልኩ የማማልህን ሁሉ ዛሬ መልሼዋለሁ። «አቦ ምን ያስለቅስሻል፤ መንገድ ነው የተቆረጠው፣ ሌላ መንገድ እንሠራለን» አለኝ። እማዬን ሁዮ ነው የሚላት፣ በሶማሊኛ እናቴ ማለቱ ነው። «የሁዮ ነገር ከሆነ ሱቁ ይዘጋ» ብሎ በሩን መለሰው። ከተቃጠለ ቻርጀር ቀጭን ሽቦ መዝዘን መዳቡ ከተላጠበት ጫፍ እስከ ሌላው ዘረጋን። እሱ ያዘልኝ፣ እኔ በየድኩ። ቴስተሩ ጢጥ ሲል ዐያንሌ ትከሻዬን መታ አድርጎ ወደ ጫቱ ተመለሰ።

ቤት ውስጥ ግን እነዚያ ቀናት አይነገሩም። እማዬ የምትፈልገው ነገር ሲኖር በግራ እጇ የአልጋውን ብረት ትመታለች፣ እኔ ቤቱን ሙሉ እየጠቆምኩ ይሄን ነው? ያንን ነው? እላለሁ። አንድ ማታ የፈለገችው መስኮቱ እንዲዘጋ ሆኖ ሳለ ሾርባ አጎረስኳት። እስከ መጨረሻው በላች፣ አፏን ጠረግኩላት፣ ከዚያ እንደገና መስኮቱን አየች። እኔ ሳቅ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም። ድምፅ ካጣች ወዲህ ዝም ያለች መስሎኝ ያውቅ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ዝም ያለችው በዚያ ሳምንት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አለቀ። አዲሶቹ ስዊቾች እንደ አሮጌዎቹ ከበድ ያሉ ናቸው፣ ቀጭ ይላሉ፤ ሂቦን አደራ ያልኳት ይህንን ነበር። ትንሹ ቦርድ ከባትሪው ጋር ሆዱ ውስጥ ገባ፣ ሽቦው ቀረ። የድሮዎቹ የቁልፍ ክዳኖች ፊደላቸው ከተፋቀ ዘመን ሆኖታል፤ ልሙጥ ሆነው ቀርተዋል። እኔም ደስ ይበላት ብዬ ነጭ ፊደል የታተመባቸው አዳዲስ ክዳኖች በሥርዓቱ ደረደርኩበት። ያማረ ነገር ሆነ። የዐያንሌን ላፕቶፕ ተውሼ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ጋር በኬብል አገናኘሁ፣ እማዬን ወንበሯ ላይ አስቀምጬ ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አኖርኩት። ጋሽ ምንዳዬ ለነገው ጉባኤ ያን ዕለት ገብተው ነበር፤ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

እማዬ እጇን አሳረፈች፣ ቦታዋን ፈለገች፣ ጻፈች። ቴሌቪዥኑ ላይ የወጣው «ሰልቅ፤» የሚል ነው። አጠፋችውና እንደገና ጻፈች። «ሰልቅ፤» ሦስተኛ ረዘም ያለ ነገር ሞከረች፣ ከመጀመሪያው የባሰ ወጣ፤ በየቃሉ መካከል ቅ ተሰንቅሯል፣ ትርጉም የሚባል ነገር የለውም። እጇን አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ፍርሃት በታመመችበት ቀን እንኳ አላየሁትም። ልንገርህ፣ እኔም ያሰብኩት እሷ ያሰበችውን ነው። ሕመሙ ወደ ልቦናዋ ገብቷል አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ አፏን ነጥቄ ሳቆያት አእምሮዋ ጠፋ አልኩ። ጋሽ ምንዳዬ ጽሑፉን አንብበው፣ ቀስ ብለው «አየሽ ልጄ» አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ክፋት የለም፤ የሐዘን ድምፅ ነበር። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ግን አንገቷን ደፍታ ኪቦርዱን አየች። አየህ፣ እሷ ስትጽፍ ቁልፉን አይታ አታውቅም። ነጮቹን ፊደሎች አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። ከዚያ በግራ አውራ ጣቷ ጥፍር አንዱን ክዳን ፈልቅቃ አወጣችው፣ ከበታቹ ያለውንም አወጣችው፣ ቦታቸውን አለዋውጣ መልሳ ተከለቻቸው። ሌላም አንድ ከታች ነቅላ ወደ ዳር ወሰደችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ከትምህርት ቤት የወደቅሁበትን ካርድ ይዤ ስመጣ ታየኝ የነበረው አስተያየት ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ምድር ባቡር ሥራውን የሚሠራው በፈረንሳይኛ ነበር፤ ማሽኖቹም የፊደላቸው አቀማመጥ የፈረንሳዮቹ ነው። የእማዬ ጣቶች የተማሩት እዚያ ነው። አማርኛውን የምትጽፈው በላቲኖቹ ፊደል ነውና፣ በፈረንሳዮቹ a ያለበት ቦታ ላይ በእንግሊዞቹ ያለው q፣ ማለት ቅ ነው። የጓዳውን ኮምፒውተርም ገና ሲገዛ ራሷ እንደዚያ አስተካክላው ነበር፤ እኔ በዚያ ኪቦርድ አንዲት ቃል ጽፌ ስለማላውቅ በምን ልወቅ። ታይዋን የሚሸጠው ሁሉ በእንግሊዞቹ አቀማመጥ ነው፣ ላፕቶፑም እንደዚያው፤ ዓለም ሁሉ እንደዚያ መስሎኝ ሥርዓት አስያዝኩላት። ከመስቀል ጀምሮ አጎቴን ሳያማክሯት ወሰኑባት እያልኩ ስከስስ ከርሜ፣ እኔም ሳላማክራት የጣቶቿን አገር ቀየርኩባት። ላፕቶፑን ወደ ፈረንሳይኛው ለመመለስ ሻይ ቀድቶ የመጠጣት ያህል እንኳ ጊዜ አልወሰደም። እማዬ ጻፈች። «ሰላም። አላበድኩም።» ቀጠለችና «ፊደሌን ማን ነካው?» አለች። እኔ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ምንዳዬ ግን አልሳቁም፤ ነገ ይታያል ብለው ሊተኙ ገቡ። ስለዚህ እኔም ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ሞላ። ሽማግሌውም ድነው መጡ። እማዬ ከመካከል ተቀመጠች፣ ኤዶ ፋርቱን ከጎኗ። ጋሽ ምንዳዬ ጀመሩ፤ በመስቀል ያሉትን አሉ፣ የአንተንም ስምምነት ጨመሩ። «የበኩር ልጇም ፈቅዷል» ሲሉ እማዬን አየኋት፣ ዓይኗን ከኪቦርዱ አላነሣችም። ሌላውም በየተራው እውነት ነው፣ ይሻላታል አለ። ተራው ወደ እሷ ደረሰ። ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። አንድ በአንድ ወጣ። «ምንዳዬ ወንድሜ፣ ቤትህን» የሚለው ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ።

አቦ አሁን ነው እንዴ አለ አንዱ ከኋላ። ጋሽ ምንዳዬ ትንሽ ጠብቀው «መቼም ቤትህን እንደ ቤቴ እቆጥረዋለሁ ልትል ነው፤ እግዚአብሔር ያክብራት፤ ሰውም ሥራ አለው፣ ይመረቅ» አሉ። ሰው ተነሣ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ቆዩ ልል አፌን ስከፍት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ሰማሁ። እማዬ አላቆመችም። ቴሌቪዥኑ ነው የጠፋው እንጂ ላፕቶፑ በባትሪው አለ፣ ኪቦርዱም በባትሪው አለ። እሷ መብራቱን ከነመኖሩም አልቆጠረችውም፤ የጀመረችውን ትጽፋለች።

ላፕቶፑን ከኬብሉ ነቅዬ ወሰድኩና ጋሽ ምንዳዬን አስያዝኳቸው። ፊደሉን አተለቅኩላቸው። ያንብቡልን ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ታላቁ፣ አልኳቸው። ምን ይበሉ፣ ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ማንበብ ጀመሩ። «ምንዳዬ ወንድሜ፣ ቤትህን ልትከፍትልኝ ማሰብህን አልረሳውም። ግን ጭሮ አልሄድም።» እዚያ ላይ ቀና ብለው እማዬን አዩ። ሽማግሌው የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ፤ «ቃሏን እያሰማች ነውና ተቀመጡ» አሉ። ሰው መልሶ ተቀመጠ። እማዬ ገና ትጽፋለች፣ ቀስ ብላ፣ በአንድ እጅ። ጋሽ ምንዳዬ ዓይናቸውን ስክሪኑ ላይ ተክለው ቀጣዩን ቃል ይጠብቃሉ። ከታመመች ጀምሮ ሰው ተቀምጦ እሷን ሲጠብቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ ያነበቡትን እንዳለ ልጻፍልህ፣ አንድ ቃል አልጨመርኩም። «ነህምያ ከታመምኩ ወዲህ አላየኝም። በስልክ ድምፄን ስለማይሰማ ደህና ናት ሲሉት ያምናል። እሱ ጋ እሄዳለሁ። ለፋሲካ እመለሳለሁ። ቤቴ አይከራይም።» ጋሽ ምንዳዬ ጨረስሽ? ብለው ቀና ሲሉ እጇን አነሣችባቸው፣ ቆይ ለማለት። ቀጭ ቀጩ እንደገና ጀመረ። «ሸዋገነት ደክሟታል። እኔ ፊቷ እያለሁ አትናገረውም። እስክመለስ ትረፍ።»

ወጥቼ ጓዳ ገባሁ። አለቀስኩ። ደስታ ነው ብዬ ልዋሽህ እችል ነበር። ተናደድኩ ነህምያ። ያን ሁሉ ያደረግሁት ከልጄ ጋር እቀራለሁ ብላ እንድትጽፍ ነበር፤ ይህን ለራሴም ሳልነግረው ሳምንቱን ሙሉ ስበይድ የኖርኩት ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። እሷ ግን አንተን አለች። በሥራ አሳብበህ ዓመት ሙሉ ያልመጣኸውን አንተን። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ደክሟታል ያለችው እውነት መሆኑ ነው። በሰው ፊት ስታነሣው አፈርኩ፣ ወዲያው ደግሞ ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር ወረደልኝ። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚሆኑ አልገባኝም፤ አንተም እንዲገባህ አልጠይቅም።

ስመለስ ሽማግሌው መርቀው ጨርሰዋል፤ በቃሏ መሠረት ተመረቀ። ሰው ሲበተን ጋሽ ምንዳዬ ወደ እማዬ ጠጋ ብለው «እህቴ፣ በመስቀልም እንዲህ ልትዪ ኖሯል?» አሏት። «ጽፌው ነበር» አለቻቸው።  በማግሥቱ ሲሄዱ ግንባሯን ስመው ነው የሄዱት፤ እኔንም እንደ ወትሮው ሳይመክሩኝ ወጡ።

እንግዲህ ይህ ነው። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ በባቡር ትመጣለች። ኤዶ ፋርቱን እዚያ ያለች ልጇን ልትጠይቅ ስለሆነ አብራት ትጓዛለች። ሐኪሙ መድኃኒቷን እስካላቋረጠች ይሁን ብሏል፤ ፓስፖርቷም ለሕክምና ተብሎ የወጣው አለ። ላፕቶፑ የዐያንሌ ነው፣ እዚህ ይቀራል፤ የአንተን አዘጋጅላት። እዚያ ኮምፒውተሩ ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው አይደል፤ የእሷን ፊደል አቀማመጥ የማታውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው። ኪቦርዱን ማታ ማታ ቻርጅ አድርገው፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጠው፣ ባትሪው ሙቀት አይወድም። የተረፉትን ስዊቾች በዚሁ በዐብዲሰላም ልኬልሃለሁ፤ ቢበላሽ የሚበይድ ሰው ፈልግ፣ አንተ ራስህ እንዳትነካው። ከኢፍቲን ጋር በሶማሊኛ ትጽፋለች፣ ምድር ባቡር ሳለች የተማረችው አልጠፋባትም፤ ቀስ ብላ ስለምትጽፍ ግን ኢፍቲን ሥራዋን አቁማ ትቀመጥላት።

ለኢፍቲን የእህትነት ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ሸክም ጨመርኩባት ብዬ እንዳትቀየመኝ። ማህደርን በሁለቱም ጉንጯ ሳምልኝ፤ አያትሽ አፏ ጭኗ ላይ ነው፣ እንዳትፈሪ በላት። ከላይ ቤት ያሉትን የኢፍቲንን እናት ጤና ይስጥልኝ በልልኝ። ዐያንሌና ሂቦ እጅ ነሥተዋል። ኤዶ ፋርቱን ራሷ ስለምትመጣ ሰላምታዋን ከአፏ ትሰማለህ።

ለአንተ ደግሞ አንድ ነገር። ባቡር ጣቢያ ስትቀበላት፣ ቆማ ሳለች እንዴት ነሽ ብለህ አትጠይቃት፤ ቆማ ልትመልስልህ አትችልም፣ ዝም ስትልህም ደህና ናት ትላለህ። መጀመሪያ የምትቀመጥበት ፈልግ። ኪቦርዱን ጭኗ ላይ አድርግላት፣ አንተም ጎንበስ በል፣ ከዚያ ጠይቃት። ዓመት ሙሉ ለአንተ ያቆየችው ነገር አለ። ለእኔም አልጻፈችልኝም።

እህትህ ሸዋገነት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.